ከኮምቦልቻ ደሴ በሁለተኛ ማርሽ

«ሐረጎን እየሮጠ የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ መርዶ ነጋሪ ነው፣ ወይ አእምሮውን የሳተ ነው።»

ይህን ያለኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ እሱ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ በዚያ መንገድ አይሱዙ የነዳ ሰው ስለሆነ መከራከር አልቻልኩም። ነገር ግን ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዤ የመጣሁት ለዚሁ ነበርና፣ የመሮጫ ጫማዬን ከሻንጣ አውጥቼ በሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። አክስቴ አንስተው አልጋ ሥር ከተቱት።

ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። በልጅነቴ የኮምቦልቻን መንገድ የማውቀው በፌስታል ነበር፤ አውቶቡሱ ጠመዝማዛውን ሊጀምር ሲል እናቴ ቀድማ ፌስታሉን በእጄ ታስይዘኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት አላውቅም፤ አንድም ቀን ግን በእግሬ አልረገጥኩትም። ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው ርቀት ከግማሽ ማራቶን በጥቂት ይበልጣል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። መሐላቸው 650 ሜትር ዳገት አለ።

አልደብቅም፣ የመጀመሪያው ሐሳቤ ከላይ ወደ ታች መሮጥ ነበር። ከደሴ ተነሥቶ ኮምቦልቻ የሚገባ ሰው የሚያስመዘግበው ሰዓት ያምራል። ችግሩ ማንም ሯጭ አያምንለትም። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ መሠረት፣ ለክብረ ወሰን የሚቀርብ የጎዳና ሩጫ ከመነሻው እስከ መድረሻው በየኪሎ ሜትሩ በአማካይ ከ1 ሜትር በላይ ሊወርድ አይችልም። ለግማሽ ማራቶን የሚፈቀደው እንግዲህ 21 ሜትር ነው፤ የእኔው ቁልቁለት ሠላሳ እጥፍ ሊሆን ነው። ክብረ ወሰን ልሰብር አስቤ አይደለም። ሰዓቴን ለጓደኞቼ ስነግር «ቁልቁለት ነበር» የሚለውን ቃል በሆዴ ይዤ መዋል ግን አልፈለግሁም። ስለዚህ ወደ ላይ ሆነ።

ቀጥሎ የሰዓቱ ጉዳይ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ዳገት በሌለበት መንገድ ግማሽ ማራቶን በ1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ጨርሻለሁ። በሯጮች ልማድ ለእያንዳንዱ 1 ከመቶ ዳገት በኪሎ ሜትር 8 ወይም 9 ሰከንድ ይጨመራል። 650 ሜትሩን በ21 ኪሎ ሜትር ስናካፍለው 3 ከመቶ ገደማ ነው፤ ጠቅላላ ጭማሪው ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ይሆናል። በወረቀት ላይ ሁለት ሰዓት ከጥቂት ማለት ነው። ግን አማካይ ውሸታም ነው፤ ሐረጎ ዳገቱን ለሁሉም ኪሎ ሜትር እኩል አያከፋፍልም። ለውሸታሙ መቀጫ አሥራ አራት ደቂቃ ጨምሬ ግቤን 2 ሰዓት ከ15 አደረግሁት። በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ። (በዚህ ፍጥነት ሳያዛንፉ ቢሮጡ የሚገቡት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ነው። ያቺ አንድ ሰከንድ ሳምንት ሙሉ አናዳኛለች።)

ዝግጅቴ አሥር ሳምንት ወሰደ። እሑድ እሑድ እንጦጦ፣ በሳምንቱ መሐል የመስቀል አደባባይ ደረጃዎች። ከዚህ በላይ የሚተረክ ነገር የለውም፤ ልብስ ማጠቡ ብቻ ሰልችቶኝ ነበር።

እውነተኛው ዕቅድ የወጣው በዋዜማው ምሽት በአክስቴ ቡና ላይ ነው። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪፈላ የአክስቴ ልጅ ባዶዎቹን ሲኒዎች ሰብስቦ ቄጤማው ላይ በሰልፍ ደረደራቸው።

«ይህች ኮምቦልቻ ናት» አለ የመጀመሪያዋን እየነካ። «ከዚህ ስትወጣ ሦስተኛ ማርሽ ይበቃሃል። ጠመዝማዛው ሲጀምር ሁለተኛ። እዚህና እዚህ» ሁለት ሲኒ ገለበጠ «ጭነት ካለህ አንደኛ ማስገባት አለብህ፤ አለበለዚያ መኪናው ይሞትብሃል። ሐረጎን ካለፍክ አራተኛ። ደሴ መግቢያ ላይ ተመልሰህ ሦስተኛ።»

«አያ፣ እኔ ማርሽ የለኝም» አልኩት።

«አለህ እንጂ! ሞተር ሲያቃስት ማርሽ የሚቀይር ሹፌር አይደለም። ገና ሳያቃስት ነው የሚቀየር።»

አክስቴ «ሲኒዬን!» ብለው ተቆጡና ኮምቦልቻን አነሡበት።

በእጅ ሰዓቴ ላይ የዳገቱን ሥዕል ጭኜ ነበር፤ ተዉኩትና የሲኒዎቹን ካርታ ወሰድኩ። ሦስተኛ ማርሽ በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ፣ ሁለተኛ ማርሽ 7 ደቂቃ፣ አንደኛ ማርሽ ደግሞ በእግር መራመድ። በሁለቱ ክፉ ኩርባዎች ላይ አርባ አርባ እርምጃ ልራመድ አስቀድሜ ፈቀድኩ። የመጀመሪያው 4 ኪሎ ሜትር በ24 ደቂቃ፣ ቀጣዩ 8 ኪሎ ሜትር በ56 ደቂቃ። ስለዚህ 12ኛው ላይ 1 ሰዓት ከ20 ይሆናል፤ ለቀሪው 9.1 ኪሎ ሜትር 55 ደቂቃ ይተርፈኛል። ከዚያ በፊት ለሩጫ ያወጣሁት ዕቅድ ሁሉ መሮጥን ብቻ ያውቅ ነበር፤ መራመድ የሚመጣው ሲሸነፉ ነው። በዚህኛው ግን መራመዱ ራሱ ታቅዷል።

ርቀቱንም የለካው እሱ ነው። ደሴ መግቢያ ላይ አንድ የመብራት ምሰሶ መረጠና ከዚያ ቁልቁል እየነዳ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው 21.1 ሲሞላ ቆመ። መነሻዬ የአንድ ጎሚስታ በራፍ ሆነ። የውድድር ጎዳና እንዲህ አይለካም፤ በተስተካከለ የብስክሌት ቆጣሪ፣ ሯጭ ሊሄድበት በሚችለው አጭሩ መስመር ይለካና መንገዱ እንዳያጥር ከሺህ አንድ ይጨመርበታል። ይህን ስነግረው መሪውን ይዞ ብዙ ካሰበ በኋላ «ብስክሌት የለኝም» አለ።

ጊዜው ኅዳር ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ በጠመኔ አስፋልቱን አሰመረና «ቢስሚላህ በል» አለኝ። አልኩ፤ አማተብኩም። ወሎ ነው።

ኮምቦልቻ አታላይ ናት። ከአዲስ አበባ አምስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል አየሩ ወፈር ይላል፤ ለእንጦጦ ሳንባ ድግስ ነው። እግሬ በራሱ ይሄድ ጀመር። ጠርዙን ይዤ፣ መኪናዎቹን ፊት ለፊት እያየሁ በግራ በኩል ነበር የምሮጠው። ማሽላው ታጭዷል፤ በአንዳንዱ ማሳ አገዳው በክምር ቆሟል። አራቱን ኪሎ ሜትር በ22 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ጨረስኩና 70 ሰከንድ ያተረፍኩ መሰለኝ። አይሱዙው አጠገብ ስደርስ የአክስቴ ልጅ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ምንም ሳይናገር የበሶውን ጠርሙስ ሰጠኝ። አክስቴ በማር የበጠበጡት በሶ ነው። አንድ ጊዜ እንደጎነጨሁ ጓሉ የጠርሙሱን አፍ ደፈነው። ጨመቅሁት፤ አልወጣም። ነከስኩት፤ ግማሹ ፊቴ ላይ ፈሰሰ። እንጦጦ ላይ አሥር ሳምንት ስሮጥ በሶ ይዤ ልሞክር አላሰብኩም።

ጠመዝማዛው ተጀመረ። ከኩርባው በላይ ሌላ ኩርባ ይታያል፤ ከዚያም በላይ የሚያቃስት የጭነት መኪና ድምፅ ይሰማል። በሞቀ ፍሬን ሽታና በጥቁር ጭስ መካከል ሁለተኛ ማርሽ ማስገባት ነበረብኝ። አላስገባሁም። ያተረፍኳቸው 70 ሰከንዶች ልቤን አሳበጡት፤ በሦስተኛው ቀጠልኩ። የመጀመሪያው የተገለበጠ ሲኒ ጋ ስደርስ መራመድ ያሳፈረኝም ያኔ ነው፤ ምክንያቱም ከፊቴ እንጨት የተሸከሙ ሴት ነበሩ። የባሕር ዛፍ ሸክማቸው ከእኔ ቁመት ይረዝማል። እየሮጥኩ አልደርስባቸውም። እውነቴን ነው፤ ሃያ ሜትር ያህል የእሳቸው እርምጃና የእኔ ሩጫ እኩል ነበር። በመጨረሻ ጎን ለጎን ሆንን።

«ልጄ፣ ማን ሞቶ ነው?» አሉኝ በድንጋጤ።

«ማንም አልሞተም እናቴ። ስፖርት ነው።»

ከሸክሙ ሥር ቀና ብለው አዩኝና «እንዲያ ከሆነማ አብሽር» አሉ። «ቀስ በል ታዲያ፤ ደሴ አትሄድብህ።»

ከሃምሳ እርምጃ በኋላ ሞተሩ ሞተ። ትንፋሼ ተቆራርጦ፣ ጭኔ እንደ እርጥብ እንጨት ከብዶ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ሴትየዋ አለፉኝ። አርባ ለመራመድ ያፈርኩት ሰው መቶ ሃያ እርምጃ ተራመድኩ፤ ቆጥሬያለሁ። ሁለተኛው የተገለበጠ ሲኒ ላይ ግን ገና ከኩርባው በፊት፣ መሮጥ እየቻልኩ፣ ተራመድኩ። አርባ። ከዚያ ስነሣ እግሬ ታዘዘኝ። ስምንቱ ኪሎ ሜትር 58 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ፈጀ። የተረፈውን በልቼ 90 ሰከንድ ተበድሬ 1 ሰዓት ከ21 ከ30 ላይ ሐረጎ ደረስኩ።

እዚያ ላይ ዞሬ አየሁ። ዕቅዱ ውስጥ አልነበረም፤ አምስት ሰከንድ ቢያስከፍል ነው። ኮምቦልቻ ከነፋብሪካዎቿ ጭጋግ ውስጥ ተኝታለች፤ እኔ ያለሁበት ፀሐይ ነው። ባሕር ዛፉ ይሸታል። የጭነት መኪናዎቹ ከታች ክብሪት ያክላሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ቀሪውን 9.1 ኪሎ ሜትር በ53 ደቂቃ ተኩል መጨረስ ነበረብኝ፤ በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ። አየሩ አሁን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ አራተኛ ማርሽ የምለው የሌላ ሰው ሦስተኛ ነው። ቢሆንም መንገዱ አዘነልኝ። ዶሮ መዝለያ የሚባለው ቦታ ላይ የቦርከናን ወንዝ ድምፅ ሰምቼ ይሁን ጆሮዬ ጮሆ አላውቅም። የጦሳ ተራራ በግራዬ ሲመጣ ባጃጆች በዙ፤ አንዱ ሹፌር ጥሩንባውን በአምባሰል ዜማ ሊነፋልኝ ሞከረ፣ ወይም ድካሜ ዜማ አደረገው። ደሴ መግቢያ ላይ ሦስተኛ አስገባሁ። በጊዜው፣ ሳላቃስት።

ሰዓቴ 21.1 ሲያሳይ 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ነበር። እጄን አነሣሁ። ምሰሶው ግን ገና ነው! መቶ ሰማንያ ሜትር ያህል ይቀራል፤ የአክስቴ ልጅ ሥሩ ቆሞ በእጁ ይጠራኛል። ምሰሶውን ስነካ 2 ሰዓት ከ15 ከ52።

«አልገባህም» አለ።

«ገብቻለሁ። ኩርባውን በውጪ በኩል ስዞር የኖርኩትን መኪናህ አልቆጠረውም።»

«ምሰሶው አይዋሽም።»

ክርክሩ ቤት ድረስ ዘለቀ። አክስቴ እግሬን በሞቀ ውሃ እንድዘፈዝፍ አድርገው «ጀባ» ብለው ቡና ካቀረቡልን በኋላ ሁለታችንንም ሰሙ። ፍርዳቸው አጭር ነበር፤ በሶው ምን ሆኖ እንደፈሰሰ ብቻ ጠየቁኝ።

በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ጭን ይበልጥ የሚታመመው ቁልቁለት ላይ እንደ ፍሬን ሲሠራ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን በዳገት የደከመውን ጭኔን ይዤ ከደሴ መናኸሪያ የአውቶቡሱን ደረጃ ስወጣ ሁለት እጄ አስፈልጎኛል። ሐረጎን እንዳለፍን ሹፌሩ በወጣበት ማርሽ ሊወርድ ሁለተኛ አስገባ። ድምፁን ስሰማ ቀኝ እግሬ ወንበሩ ሥር በራሱ ተነሣ። ሴትየዋ ያለፉኝን ኩርባ ለየሁት። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ፊቷ ገርጥቶ እናቷን ፌስታል ስትጠይቅ ሰማሁና የእኔን ሰጠኋት። ኮምቦልቻ ስንገባ በመስኮቱ አሻግሬ የጎሚስታውን በራፍ ፈለግሁ። የጠመኔው መስመር ግማሹ በጎማ ተጠርጎ ግማሹ ነበር።