ከ7 ባር በታች

የኮሌጃችን ዲን «የዕውቀት ሽግግር» የሚባል የዓርብ ከሰዓት ፕሮግራም የጀመሩ ሰሞን አቶሚክ አብዞርፕሽናችን፣ ናሙና ውስጥ ያለ ብረታ ብረትን በነበልባል የሚለካው መሣሪያ፣ አበደ። ያንኑ የሊድ ስታንዳርድ (የሊድ መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ሙሙት) ጠዋት ሌላ ያነበዋል፣ ከሰዓት ሌላ። ላምፑን ቀየርን፣ ናሙናውን የሚረጨውን ኔቡላይዘር አጠብን፤ ወይ ፍንክች። መሐንዲስ ይምጣልን ብለን ደብዳቤ ጻፍን። ደብዳቤው ግዥ ክፍል ገባ፤ ግዥ ክፍል የገባ ደብዳቤ የት እንደሚደርስ ለናንተ አልነግርም። የማስተርስ ተማሪዎቼ ናሙናቸውን ፍሪጅ አስገብተው ፊት ፊቴን ያዩኛል።

ጋሼ፣ የላብ ቴክኒሺያናችን፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ጥግ ላይ ሆነው ፒፔት ያጥባሉ። በመጨረሻ ብቻችንን ስንሆን ጠየቅኋቸው።

«የጋዙን ሲሊንደር አይታችሁታል?» አሉኝ።

«ጋዝ አለው እኮ ጋሼ፤ ይነድዳል።»

«የግፊት ጌጁን ነው የምልህ። ከ7 ባር ከወረደ አሴቲሊን ጋዙ የተሟሟበት ፈሳሽ፣ አሴቶኑ፣ አብሮ ይወጣል። ነበልባሉም ይረበሻል፣ ንባቡም ይዋዥቃል።»

ሲሊንደር የሚመጣልን ከአዲስ አበባ ስለሆነ እኛ እስኪንጠፈጠፍ ነው የምንጠቀመው። ደሜ ፈላ።

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አሉ?»

«መሣሪያው ሲገባ ማን ነበር የሠለጠነው?»

የዚያን ጊዜው ዲንና የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። አበሉም ሰርተፊኬቱም የእነሱ ነበር። ጋሼ ማኑዋሉን እያገላበጡ ለብቻቸው ነው የለመዱት።

«የሠለጠኑት ያካፍሉናል ብዬ ስጠብቅ ነዋ» አሉኝ፣ ፒፔታቸውን ወደ መብራቱ አንስተው እያዩ።

«ተማሪዎቹስ ምን አደረጉ?»

«ምንም። ለነሱ ብዬ አይደል አሁን የነገርኩህ?»

ሳቄም ንዴቴም አብሮ መጣብኝ። እውነት ለመናገር ግማሹ ሰበብ ነው፤ በልጆች የመመረቂያ ጽሑፍ ቂም መወጣት ደግ አይደለም። ግን የዓርቡ ፕሮግራም ጥሪ ለመምህራን ብቻ እንደነበር ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። የመጀመሪያው ዓርብ ርዕስ «የዕውቀት ሽግግር ምንነትና ጠቀሜታ» ነበር። አቅራቢው ዲኑ፤ እኛ አቴንዳንስ ፈርመን ወጣን።

ሲሊንደሩ ተቀየረ፣ ንባቡ ተስተካከለ። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ «በአመራሩ የቅርብ ክትትል የጥገና ወጪ ማዳን ተችሏል» ተብሎ ገባ። በስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘና ደግሞ ጋሼ «ዕውቀትን ለባልደረባ ማካፈል» በሚለው መስፈርት ከ5 2 ተሰጣቸው።

አልተከራከሩም። ፈረሙና «የሠራተኛው አስተያየት» በሚለው ክፍት ቦታ ላይ «ሥልጠና አልወሰድኩም» ብለው ጻፉ።