ባሕር ባሕር የሚል ሽቶ

ዛሬ ጠዋት ጓደኛዬ የሰጠችኝን የሽቶ ናሙና አንገቴ ላይ ረጨሁ። «የባሕር ሽቶ ነው» ስትለኝ ያው የለመድነው መስሎኝ ነበር። ሳሙና ሳሙና፣ ሎሚ ሎሚ፣ ትንሽ ሐብሐብ።

ኧረ በፍጹም! መጀመሪያ ጨው መጣ። ቀጥሎ እርጥብ ድንጋይ ላይ የተለጠፈ የባሕር አረም። አዮዲን አዮዲን የሚል ነገርም አለው፤ የቁስል መድኃኒቱን አስቡት። ልታጠበው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሊፍት ውስጥ አንድ ባልደረባዬ አየሩን አሽትቶ አሽትቶ «ዓሣ የያዘ ሰው አለ እንዴ?» አለ። እኔ ጭጭ። (ምን ልበል ታዲያ?)

የሐብሐቡ ነገር ግን ምክንያት አለው። ብዙዎቹ የባሕር ሽቶዎች ውስጥ ካሎን የሚባል ሰው ሠራሽ ውህድ አለ። በ1966 እ.ኤ.አ. ፋይዘር ውስጥ ነው የተገኘው። አዎ፣ የመድኃኒቱ ኩባንያ! በ1990ዎቹ የሽቶው ዓለም በእሱ ተጥለቀለቀ። እውነተኛው ባሕር ግን ሐብሐብ አይሸትም። የምናውቀው የባሕር ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ዳይሜቲል ሰልፋይድ ከሚባል ጋዝ ነው። በዓይን የማይታዩ የባሕር ዕፅዋት ሲሞቱ ወይም ሲበሉ የሚወጣ ነው። ጥቅል ጎመን ሲቀቀልም ይኸው ጋዝ ይወጣል። አንዳንድ የባሕር ወፎችም ምግብ ያለበትን የሚያገኙት በዚህ ሽታ ተመርተው ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ሽቶውን ማክበር ጀመርኩ።

አሁን ማታ ነው። ዓሣው ሄዷል። ሹራቤ ላይ የቀረው ጨውና ፀሐይ ያደረቀው እንጨት ብቻ ነው። አሥር ጊዜ ሳላሸተው አልቀርም። ነገም እረጨዋለሁ፤ ግን በደረጃ ነው የምወጣው።