ብርድ የመታው ጓሮ

ቴክሳስ ስትመጡ ሰው ሁሉ "ሞቃት ነው፣ ብርድ አያውቅም" ይላችኋል። እኛም አምነን ጓሮውን በአትክልት ሞላነው። ከዚያ ፌብሩዋሪ 2021 መጣ። በ16ኛው ቀን ጠዋት ዳላስ ከዜሮ በታች 2 ፋራናይት ገባች። በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 19 ማለት ነው። መብራት ጠፍቷል፣ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበናል። ጓሮውን ማን ያስታውሰዋል!

በረዶው ቀልጦ ስወጣ አትክልቱ ሁሉ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስላል። ጎመኑ ተልፈስፍሶ ተኝቷል፣ ሽታው አይጣል ነው። የጥብስ ቅጠሉ ቡናማ ሆኗል። በለሱ እንደ ቆመ ቀርቷል። ባለቤቴ መጋዝ ይዞ ብቅ አለ።

"ነቅለን እንገላገል።"

"ንካውና እንተያያለን!" አልኩት።

የሞተ ቅርንጫፍ ቢቆይ አይብስበትም። ቶሎ ከቆረጣችሁት ግን ተክሉ ለጋ ቅጠል ሊያወጣ ይችላል፣ ያንን ደግሞ የማርች ውርጭ ይበላዋል። እዚህ ዳላስ እስከ ማርች አጋማሽ ውርጭ አይታመንም። ማዳበሪያም ያው ነው፣ ይቆይ። ወዲያው ተነቅሎ የሚጣለው እንደ ጎመኑ የላሸቀውና መበስበስ የጀመረው ብቻ ነው።

የቀረውን በጥፍር ነው የምትመረምሩት። ከቅርንጫፉ ጫፍ ጀምራችሁ ልጣጩን ፋቅ አድርጉ። ከልጣጩ በታች እርጥብና አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። ደረቅና ቡናማ ከሆነ ወደ ታች ውረዱ። በለሴ እስከ መሬት ድረስ ቡናማ ነበር። ሆኖም የበለስ ነገር በግንዱ አይፈረድም፤ ሥሩ ከተረፈ እንደገና ይበቅላል። ሜይ ላይ ከመሬት ውስጥ እየገፋ ወጣ። የጥብስ ቅጠሉ ግን ጉድ ሠራኝ። መጀመሪያ ስፍቀው እዚህም እዚያም አረንጓዴ አሳየኝ፣ ቆይቶ ጭርሱን ደረቀ። እሱ ከአሮጌ ግንድ ማቆጥቆጥ አይሆንለትም፣ ተነቀለ።

በዚያው ሰሞን አንዲት የሰፈራችን እናት ደወሉ።

"ልጄ፣ ጤና አዳሜ አለቀልኝ። ቡናውን በምን ልጠጣው?"

"እማማ፣ እንዳይነቅሉት። እስቲ ግንዱን ከታች ፋቅ አድርገው ይዩልኝ።"

ስልኩን ሳይዘጉ ወጡ።

"አረንጓዴ ነው! እሰይ፣ እሰይ!"

ጤና አዳም ብርድ ይችላል፣ ቅጠሉ ቢቃጠልም ከታች ያቆጠቁጣል። ስትቆርጡት ግን ጓንት አድርጉ። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ያስቋጥራል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።

ሎሚ ያላችሁ ደግሞ ከመደሰታችሁ በፊት ቡቃያው ከየት እንደወጣ እዩ። ከመደብር የሚገዛው አብዛኛው ሎሚ በሌላ ተክል ግንድ ላይ ተቀጥሎ ያደገ ነው። የተቀጠለበት ቦታ፣ ግንዱ ግርጌ አካባቢ ጎበጥ ያለች ጠባሳ አለች። ቡቃያው ከእሷ በላይ ከሆነ ሎሚችሁ ተርፏል። ከታች ወጥቶ፣ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ከሆነና እሾህ ከበዛበት ግን ሎሚው ሞቶ ከሥር ያለው ሌላው ተክል ነው የበቀለው። ሂውስተን ያለች ጓደኛዬ "ሎሚዬ ተነሳልኝ" ብላ ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ነበር። ፎቶውን ስታሳየኝ ቅጠሉ ሦስት ሦስት ነው። ነገርኳት። አልቆረጠችውም፤ እሾሁ አጥር ይሆነኛል ብላ ትታዋለች።