እርፍ የማይጨብጥ የኤሌክትሪክ እጅ

እጁን ያጣ ሰው ባለበት ቤት «በሐሳብ የሚታዘዝ እጅ መጥቷል አሉ» የሚለው ወሬ ቶሎ ይደርሳል። ሰው ሠራሽ እጁስ አለ፤ የሚታዘዘው ግን በጡንቻ ነው።

የእጅ አንጓንና ጣቶችን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎች አብዛኛው ሥጋቸው ያለው ከክርን ዝቅ ብሎ ነው። ስለዚህ ከአንጓ በላይ የተቆረጠ ክንድም ጡንቻዎቹን ይዞ ይቀራል። ጡንቻ ሲኮማተር ቆዳ ላይ እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይታያል፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊቮልት በታች ነው። አንድ ኤሌክትሮድ ከክንዱ ውጭ በኩል፣ ሌላው ከውስጥ በኩል ሆነው ይህን ያነብባሉ። የውጭው ጡንቻ ሲኮማተር ሞተሩ እጁን ይከፍታል፣ የውስጡ ሲኮማተር ይዘጋል። ጠንከር ተደርጎ ከተኮማተረ ፈጠን ይላል።

የኤሌክትሮዱን ቦታ የሚያገኘው የባለሙያው ጣት ነው። ጣቱን ከክርን ሥር አሳርፎ «እስቲ የሌለውን እጅህን ቀና አድርግ» ይላል፤ ከጣቱ ሥር ጉብ የሚለው ቦታ ላይ ምልክት ያደርጋል። ኤሌክትሮዱ የጡንቻውን ርዝመት ተከትሎ መተኛት አለበት፤ አግድም ከሆነ የሚነበበው ኤሌክትሪክ ይዳከማል። ከዚያ ያን ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚያጎላው ማጉያ ይስተካከላል። ከልክ በላይ ከተከፈተ ሰውየው ክንዱን ባነሣ ቁጥር እጁ ሳይታዘዝ ይከፈታል፤ የያዘው ሲኒም ይወድቃል። ካነሰ ደግሞ ጡንቻው ገና ቀኑ ሳይጋመስ ይዝላል።

ሰው ሁሉ ስለ ጣቶቹ ይጠይቃል፤ ነገሩን የሚወስነው ግን የተቆረጠው ክንድ የሚገባበት ማቀፊያ ነው። (ባለሙያዎቹ ሶኬት ይሉታል፤ የግድግዳው አይደለም።) በጀሶ በተወሰደ ልክ ይሠራል፣ ኤሌክትሮዶቹም ባዶ ቆዳ መንካት አለባቸው። ሰው ሠራሽ እግር ሲላላ ካልሲ ይደረብበታል። እዚህ ግን ካልሲው ኤሌክትሮዱን ይጋርደዋል፤ ግድ ከሆነም በኤሌክትሮዶቹ ልክ መቀደድ አለበት። በሁዳዴ ጾም ሰውነቱ የቀነሰ ሰው «እጁ ተበላሸ» ብሎ ቢመጣ፣ መጀመሪያ የሚታየው ማቀፊያው መላላቱ ነው። ከኤሌክትሮዱ ተቃራኒ በኩል ስስ ንጣፍ ውስጡ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ለዚሁ ሲባል ቁስሉ ሳይድንና እብጠቱ ሳይወርድ ልክ አይወሰድም። እስከዚያው የላስቲክ ፋሻ በስምንት ቁጥር ቅርጽ ይጠመጠማል፤ ጫፉ ላይ ጠበቅ፣ ወደ ክርን ሲሄድ ላላ። ዙሪያውን ቀጥ አድርጎ ማሰር ደም ያግታል፣ እብጠቱንም ያባብሰዋል።

ከማጥለቅ በፊት ቅቤም ቫዝሊንም አይቀባም፤ ቅባት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በደጋው ብርድ ቆዳ ሲደርቅ እጁ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይላል። ኤሌክትሮዱ የሚያርፍበትን ቦታ በእርጥብ ጣት ዳበስ ማድረግ ይበቃዋል። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ችግሩ ይገለበጣል፤ ላብ ሲበዛ የሚነበበው ኤሌክትሪክ ይደበላለቃል፣ ማቀፊያውም ይንሸራተታል። ያኔ አውልቆ ክንዱንም ውስጡንም መጥረግ ነው።

በእርዳታ ለሚመጣ እጅ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያየውም። ኤሌክትሮዶች ከመብራት መሥመር የሚመጣውን ረብሻ የሚያጣራ ክፍል አላቸው። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው (በሴኮንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል)፣ የእኛ 50። ለ60 የተሠራ ኤሌክትሮድ የእኛን ረብሻ በደንብ አያጣራም፤ የኤሌክትሪክ ወፍጮ አጠገብ እጁ ቢንቀጠቀጥ ጥፋቱ የሞተሩ ላይሆን ይችላል። ከመቀበል በፊት ኤሌክትሮዱ ለስንት ኸርዝ እንደተሠራ ይጠየቅ።

ባትሪው ብዙውን ጊዜ ሊትየም ሆኖ 7.4 ቮልት አካባቢ ነው፤ የሚይዘው ኃይል ከዛሬ ስማርት ስልክ ባትሪ ያነሰ ስለሆነ በቤት ሶላርም ይሞላል። ቻርጀሩ ግን የራሱ ብቻ ይሁን። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት ቻርጀር ያቃጥላል፤ እስኪረጋጋ ነቅሎ መጠበቅ ወይም በስታብላይዘር ማድረግ ያዋጣል። ባትሪው ባዶውን ለወራት ከተቀመጠ ይሞታል። እንደ ጮቄ ውርጭ በሚጥልበት አገርም ቀዝቅዞ ሳለ አይሞላም፤ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለብ ይበል።

ታዲያ ለምን ይጠቅማል? ሽንኩርት ይዞ በሌላው እጅ ለመክተፍ፣ ጠርሙስ ይዞ ክዳን ለመክፈት፣ ዚፕ ለመሳብ፣ ወረቀት ይዞ ለመጻፍ፣ ለሱቅ ሥራ። ጥሩ የሚባለው እጅ ሲጨብጥ ወደ 100 ኒውተን (የ10 ኪሎ ክብደት ያህል) ይደርሳል፤ ግን ስለማይሰማው እንቁላል ሲያዝ ዓይን ከእጁ አይነሣም። ለእርሻ አልመክረውም። ማረሻው ድንጋይ ሲመታ ንዝረቱ በእርፉ በኩል መጥቶ የሞተሩን ጥርስ ይሰብራል፣ አቧራና ዝናብ ደግሞ የቀረውን ይጨርሱታል። ለአራሽና ለአጫጅ በትከሻ ማንገቻና በሽቦ የሚሳብ የብረት መንጠቆ ይሻላል፤ ባትሪ አይፈልግም፣ ሽቦው ቢበጠስም ቅርብ ያለ ባለሙያ ይቀይረዋል። ይህን ስል «ለገበሬ ርካሹ ይበቃዋል» ማለቴ አይደለም። ውድ እጅ ሣጥን ውስጥ ከሚያድር፣ መንጠቆ እርፍ ቢይዝ ይበልጣል ነው።

እግር ላይ ነገሩ ሌላ ነው። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ ሲ-ሌግ የተባለው በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ሰው ሠራሽ ጉልበትና መሰሎቹ በአብዛኛው እግሩን በሞተር አይገፉትም፤ ጉልበቱ ሲታጠፍ የሚሰጠውን ተቃውሞ ብቻ በየእርምጃው ይለዋውጣሉ። ጥቅሙ የሚታየው ቁልቁለት ላይ ነው።

የእጁ ጓንት ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ፒቪሲ ከሆነ እርድ የነካው ቦታ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፣ የጋለ ምጣድ ከነካም ይቀልጣል፤ እጁ ስለማይቃጠል ሰውየው የሚያውቀው ሽታው ሲመጣ ነው። ጓንቱ ከተቀደደ ውኃ ወደ ሞተሩ ይገባል። ስለዚህ እጁ እንዲመጣ ሲታዘዝ ትርፍ ጓንትና ሁለተኛ ባትሪ አብረው ይታዘዙ።