ክላስተሩ ሲሞላ የትኛው ጆብ ነው ወደ ሌላ የሚላከው?

ክላስተር ማለት አብረው የሚሰሩ ብዙ ማሽኖች ናቸው፣ የምትልኩለት ስራ (ጆብ) በወረፋ ነው የሚገባው። ወረፋውን የሚያስተዳድረው ስላርም የሚባል ሶፍትዌር ላይ ኤስኪው (squeue) ብላችሁ ስታዩ የፔንዲንጉ፣ ማለትም ተራ የሚጠብቁት ጆቦች ዝርዝር ከስክሪኑ አልፎ ሲሄድ ሁሉም ሰው የሚለው ያው ነው፣ ሌላ ክላስተር እንጨምርና ትርፉን ወደዛ እንላከው። ልክ ነው፣ ግን ሰው ነገሩን የሲፒዩ ጉዳይ ብቻ ያደርገዋል፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ዳታው የት ነው ያለው የሚለውን ነው።

ቀላል ሂሳብ ነው። 10 ቴራባይት በ1 ጊጋቢት መስመር ለማሻገር መስመሩን ማንም ሳይነካባችሁ እንኳን 22 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ጆቡ እዚሁ ወረፋ ጠብቆ ነገ የሚጀምር ከሆነ ታዲያ ምን አሯሯጠን? ኢንፑቱ ጥቂት ሜጋባይት ሆኖ ሲፒዩ ላይ ግን ሰዓታት የሚፈጅ፣ ፓራሜትር ብቻ እየቀያየረ ሺህ ጊዜ የሚሮጥ ሲሙሌሽን ካለ ግን እሱን ሳታቅማሙ ላኩት።

ኤምፒአይ ጆብ (ብዙ ማሽን ላይ ሆኖ ክፍሎቹ መልእክት እየተላላኩ የሚሰራ) ለሁለት ክላስተር ከፍሎ ማስሮጥ የሚያምራቸው አሉ፣ ተዉት። ኢንፊኒባንድ (የክላስተሩ ውስጥ ፈጣን ኔትወርክ) ላይ መልእክት በማይክሮሰከንድ ነው የሚደርሰው፣ በሩቅ ኔትወርክ በሚሊሰከንድ፣ ሲፒዩው ስራ ፈቶ መልእክት ሲጠብቅ ይውላል።

ጆብ የሚያሻግር ሶፍትዌር እንደሆነ ሞልቷል፣ አዲስም አይደለም። በ1988 ዊስኮንሲን ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኮንዶር፣ አሁን ኤችቲኮንዶር የሚባለው፣ ፍሎኪንግ አለው፣ የራሱ ፑል (የማሽኖች ስብስብ) ቦታ ሲያጣ ጆቡን ወደ ጎረቤት ፑል ያሻግራል። ስላርም ደግሞ ፌደሬሽን (ክላስተሮችን ማያያዣ) አለው፣ ጆቡ ለሁሉም ክላስተር ይቀርባል፣ ቀድሞ ቦታ ያገኘው ያስነሳዋል፣ ሌሎቹ ላይ ያለው ኮፒ ይሰረዛል። ደስ ይላል፣ ግን ፌደሬሽኑ ፋይላችሁን ተሸክሞ አይሄድም እኮ! ጆቡ እዛ ይነሳና ስክሪፕቱ ውስጥ የጻፋችሁት ስክራች (ጊዜያዊ ፋይል ማስቀመጫ) ዳይሬክተሪ የለም፣ ወይ የሞጁሉ (የምትጠሩት ሶፍትዌር) ቨርዥን ሌላ ነው፣ በ3 ሰከንድ ፌል ያደርጋል። ይባስ ብሎ ኖዱ (ጆቡ ያረፈበት ማሽን) ወዲያው ነጻ ስለሚሆን ቀጣዩን ጆብ ይስባል፣ እሱም ይወድቃል፣ እንዲህ እያለ አንድ የተበላሸ ኖድ ወረፋውን በሙሉ ጠርጎ ይበላዋል። ሶፍትዌሩን ከነሚያስፈልገው ነገር በአፕቴይነር ኮንቴይነር ውስጥ ማሸግ ይረዳል፣ ከዛ ደግሞ ጆቡ ከመጀመሩ በፊት ዳይሬክተሪው መኖሩን ቼክ የሚያደርግ ፕሮሎግ የሚባል ስክሪፕት ጻፉ፣ ፕሮሎግ ፌል ካደረገ ስላርም ኖዱን ድሬይን አድርጎ (አዲስ ጆብ እንዳይቀበል ዘግቶ) ጆቡን ወደ ወረፋ ይመልሰዋል፣ ሴቲንጉን ካልቀየራችሁት ግን እስክትለቁት ሆልድ ላይ ያቆየዋል።

መቼ ይላክ ለሚለው የወረፋውን ርዝመት አትመኑ። አንድ ሰው የግማሽ ደቂቃ ታስክ 5,000 አድርጎ ከጣለ ዝርዝሩ ያስደነግጣል፣ ግን ትርፉን የምትልኩበት ክላውድ (በኢንተርኔት የሚከራይ ማሽን) ቡት አድርጎ እስኪጨርስ አብዛኛው አልቆ ሊሆን ይችላል። ጆቦቹ ስንት ሰዓት ጠበቁ የሚለውን ነው ማየት።

ክላውድ ከሆነ ሌላም አለ፣ ስላርም ላይ ሰስፔንድታይም (ስራ የፈታ ኖድ ከስንት ሰከንድ በኋላ ይጥፋ የሚለው ሴቲንግ) ካልሞላችሁት ማጥፊያው አይሰራም፣ ስራ የፈቱት ኖዶች እንደበሩ ያድራሉ፣ ቢሉም እየቆጠረ። ዳታ ማስገባት በአብዛኛው ነጻ ነው ማውጣት ግን ያስከፍላል፣ ስለዚህ ውጤቱን እዛው ጨምቃችሁ ትንሹን ብቻ አምጡ። የአማዞን ስፖት ማሽን (አማዞን ሲፈልገው መልሶ የሚወስደው ትርፍ ማሽን) ርካሽ ነው፣ ሊነጠቅ ሲል ግን የ2 ደቂቃ ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው ያለው፣ ቼክፖይንታችሁ (ጆቡ ከቆመበት እንዲቀጥል የሚቀመጠው ፋይል) ተጽፎ ለማለቅ 5 ደቂቃ የሚፈልግ ከሆነ እዛ አትሂዱ።