የተጣሉትን ማኅደሮች መቁጠር፦ በሰው ሀብት ጥናቴ ከሥነ ፈለክ የተማርኩት

የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፌን በሰው ሀብት አስተዳደር የሠራሁት፣ ቀን በቅጥር ባለሙያነት እየሠራሁ ማታ ማታ እየተማርኩ ነው። የመጀመሪያው ርዕሴ የቃለ መጠይቅ ውጤት ከሥራ አፈጻጸም ጋር ያለውን ግንኙነት የሚመለከት ነበር። የተቀጠሩ ሠራተኞች በቃለ መጠይቅ ያገኙትን ነጥብ በኋላ ካገኙት የአፈጻጸም ምዘና ጋር በማነጻጸር፣ ቃለ መጠይቁ ጥሩ ሠራተኛን አስቀድሞ መለየት ይችል እንደሆነ ለማየት አስቤ ነበር። ፕሮፖዛሉ ጸደቀ፤ መረጃውም ተሰብስቦ ወደ ኮምፒውተር ገባ። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያገኘሁት ግንኙነት ግን ከምንም የማይቆጠር ሆነ። «ቃለ መጠይቅ ለመረጣ አይጠቅምም» የሚለውን ድምዳሜ መጻፍ ጀምሬም ነበር። ከዚያ ስሕተት ያዳነኝ እንጦጦ ላይ ያሳለፍኩት አንድ ምሽት ነው።

የሰማይ ነገር የሳበኝ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ እሑድ ጠዋት ላሊበላ ላይ ፀሐይ የእሳት ቀለበት መስላ ስትታይ፣ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በከፊል ስትሸፈን ተመለከትኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ከዋክብት የሚነገር ትምህርት ባገኘሁ ቁጥር እከታተላለሁ። በጥናቴ ዓመት አንድ የግንቦት ምሽት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በእንጦጦ ተራራ ላይ፣ ሁለቱ ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ከሚገኙበት አካባቢ ከጓደኞቼ ጋር ቆሜ ነበር። ከከተማው መብራት በላይ፣ በደቡብ በኩል ከአድማሱ ብዙም ሳይርቅ፣ አልፋ ሴንታውሪ ደምቆ ይታይ ነበር። አብሮን የነበረ አንድ ወጣት የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ወደዚያ እያመለከተ፣ ለፀሐይ ከሁሉም የቀረበው ኮከብ እዚያው አጠገብ እንዳለ፣ ነገር ግን ማናችንም በዓይናችን ልናየው እንደማንችል ነገረን።

ያ ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ነው። ርቀቱ 4.2 የብርሃን ዓመት ቢሆንም ቀይ ድንክ ኮከብ ስለሆነ ብርሃኑ እጅግ ደካማ ነው። በፀሐይ ሠፈር ካሉት ከዋክብት ከአራቱ ሦስቱ ያህል እንዲህ ያሉ ቀይ ድንኮች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ አንዱ እንኳ ያለ መሣሪያ አይታይም። በዓይናችን የምናያቸው ከዋክብት አብዛኞቹ በተፈጥሯቸው ከፀሐይ የሚበልጥ ብርሃን ያላቸው ናቸው፤ ብዙዎቹን እያየናቸው ያለነው ቅርብ ስለሆኑ ሳይሆን እጅግ ብሩህ ስለሆኑ ነው። ስለዚህ የሚታዩትን ብቻ ቆጥሮ «ከዋክብት ሁሉ እንዲህ ናቸው» የሚል ሰው የሚገልጸው ሰማዩን ሳይሆን የራሱን ዓይን ወሰን ነው። የሥነ ፈለክ ሰዎች ለዚህ መዛባት በስዊድናዊው ጉናር ማልምኲስት ስም የሰየሙት ቃል አላቸው፤ የሚታየው ናሙና ምን ያህል እንደተዛባ ሳያሰሉም ውጤታቸውን አያምኑም።

ያን ሌሊት ወደ ቤት ስመለስ የራሴን ሠንጠረዥ ሌላ ሆኖ አየሁት። በመረጃዬ ውስጥ ያሉት ሁሉ ቃለ መጠይቁን ያለፉ ሰዎች ነበሩ። ነጥባቸው በሙሉ ከላይ፣ በጠባብ ክልል ውስጥ ታጭቋል፤ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙት አልተቀጠሩምና የሥራ አፈጻጸም ምዘና የላቸውም። ግንኙነቱ የደከመው ቃለ መጠይቁ ስለማይጠቅም ሊሆን ይችላል፤ እኔ የማየው የተመረጡትን ብቻ ስለሆነም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ከያዝኩት መረጃ መለየት አይቻልም። የሚያሳዝነው ይህ ችግር በመማሪያ መጽሐፌ ውስጥ በግልጽ ተጽፎ፣ እኔም በእርሳስ አስምሬበት ማለፌ ነው። ያነበብኩትን ያወቅኩ መስሎኝ ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን አንድ የማይታይ ኮከብ በጣት ሲያመለክቱኝ ነው።

ለአማካሪዬ ርዕሱን ልቀይር እንደምፈልግ ስነግራቸው ጊዜው እንደሚያጥረኝ አስጠነቀቁኝ። «ያልተቀጠረውን ሰው ከየት ታመጪዋለሽ?» አሉኝ። እኔም «ዶክተር፣ ሰውየውን ባላገኘውም ማመልከቻው አለ» አልኳቸው። በዚህ ተስማምተው ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ስሙን የማልጠቅሰው ድርጅት ኃላፊም በደብዳቤው ራስጌ ላይ «ይተባበሩ» ብለው መሩልኝ። መዝገብ ቤት ስደርስ፣ የተቀጠሩት ሰዎች ማኅደር በየመደርደሪያው በቁጥር ተሰድሮ ሲገኝ፣ ያልተመረጡት ማመልከቻዎች በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ከበር ኋላ ተቀምጠው ነበር። የመዝገብ ቤቷ እናት «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሊወገድ የተዘጋጀ ነው» አሉኝ። ከረጢቶቹን አንድ በአንድ ፈትቼ በየቅጥር ማስታወቂያው ለመለየት ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ያ ሥራ አሰልቺ ቢሆንም፣ ጥናቴ ዋጋ ያገኘው በእርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቀጥሎ የነበረው ጥያቄ እነዚህ ሰዎች የተጣሉት በሥራ ልምዳቸውና በትምህርታቸው ነው ወይስ በማንነታቸው የሚለው ነበር። ይህን እንዴት መመርመር እንደሚቻል ስፈልግ ያገኘሁት ምሳሌ ደግሞ ከሥነ ፈለክ ሆነ። የሀብል የሕዋ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ከመጠቀ ጀምሮ፣ የመመልከቻ ጊዜው ከሚጠየቀው እጅግ ያነሰ ስለሆነ፣ ባልቲሞር የሚገኘው የሕዋ ቴሌስኮፕ ሳይንስ ተቋም ማመልከቻዎችን በገምጋሚዎች እያስመዘነ ያከፋፍላል። ይህ በመሠረቱ እኛ በቅጥር ኮሚቴ ከምንሠራው መረጣ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ትንተና ከ11ኛው እስከ 21ኛው ዙር ድረስ በሴቶች የሚመሩ ማመልከቻዎች የማለፍ ዕድላቸው በእያንዳንዱ ዙር ከወንዶች ያነሰ እንደነበር አሳየ። ተቋሙ በመጀመሪያ የመሪውን ስም ከፊት ገጽ ወደ ውስጥ ገጽ አዛወረ፤ ቆይቶም ከመጀመሪያ ስም የመነሻ ፊደሉ ብቻ እንዲጻፍ አደረገ። እነዚህ ግማሽ እርምጃዎች ልዩነቱን አላስወገዱትም። እ.ኤ.አ. በ2018፣ በ26ኛው ዙር፣ ገምጋሚው አመልካቹን፣ አመልካቹም ገምጋሚውን እንዳያውቅ ሲደረግ፣ የሴቶች የማለፍ መጠን 8.7 በመቶ፣ የወንዶች 8.0 በመቶ ሆነ። ከዚያ በፊት የሀብልን ጊዜ አግኝተው የማያውቁ አመልካቾች ድርሻም ጨመረ።

ከቁጥሩ ይልቅ የሳበኝ ግን ሥራው የተሠራበት መንገድ ነው። ተቋሙ ያማከረው የሥራ አመራር ተመራማሪዎችን፣ ማለትም የእኔን ሙያ ሰዎች ነበር። እነርሱም ገምጋሚዎች በሚወያዩበት ክፍል ተቀምጠው፣ ንግግሩ ከሳይንሱ ወጥቶ ወደ ሰውየው ዝናና ትውውቅ ምን ያህል እንደሚሄድ አዳመጡ። በአዲሱ አሠራር በየክፍሉ ውይይቱ ወደ ማንነት ሲያዘነብል የሚያስቆም ሰው ተመደበ፤ የአመልካቾቹ ልምድ የሚታየውም ደረጃ ከወጣ በኋላ ብቻ ሆነ። የ26ኛው ዙር ልዩነት ትንሽ ነው፤ የአንድ ዙር ቁጥር ብቻውን ብዙ እንደማያስረዳ የሰው ሀብት ባለሙያም ሊያውቅ ይገባል። ውይይቱ መለወጡ ግን ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር።

የጥናቴን ንድፍ ለማውጣት የረዳኝ ደግሞ የዚያው የፕሮክሲማ ታሪክ ነው። ሮበርት ኢነስ እ.ኤ.አ. በ1915 ጆሃንስበርግ ውስጥ ኮከቡን ያገኘው፣ በተለያየ ዓመት የተነሡ የአንድ የሰማይ ክፍል ፎቶግራፎችን እያፈራረቀ በመመልከት ነው። ያልተለወጠው ሁሉ በቦታው ሲጸና፣ የተንቀሳቀሰችው ነጥብ ብቻ ትዘላለች። እኔም እያንዳንዱን ማኅደር በሁለት መልክ አዘጋጀሁ፤ አንዱ ከነስሙ፣ ሌላው በመለያ ቁጥር። ማኅደሮቹን የሚመዝኑልኝን ገምጋሚዎች በሁለት ቡድን ከፍዬ፣ የመጀመሪያው ቡድን ግማሾቹን ማኅደሮች ከነስማቸው ቀሪዎቹን ያለ ስም እንዲያይ፣ ሁለተኛው ቡድን ደግሞ የዚህን ተቃራኒ እንዲያይ አደረግሁ። ከስሙ በስተቀር ምንም ካልተለወጠና ነጥቡ ከዘለለ፣ ያዘለለው ምን እንደሆነ መገመት ይቻላል።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን ከሸፈ። ስሞቹን በሙሉ በጥቁር ቀለም ሸፍኜ ለሥራ ባልደረባዬ ባሳየኋት ጊዜ፣ ከአምስት ማኅደሮች የአራቱን ጾታ ያለ ችግር ነገረችኝ። «ማን ነገረሽ?» ስላት የድጋፍ ደብዳቤውን አሳየችኝ፤ «በታማኝነት አገልግላለች» ይላል። ግሣችን ራሱ ጾታን ይናገራል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ የሀብል አመልካቾች «ከዚህ በፊት እንዳሳየነው» ከማለት ተቆጥበው የቀድሞ ሥራቸውን እንደ ሌላ ሰው ሥራ እንዲጠቅሱ ቢታዘዙም፣ እንዲህ ያለ ችግር አልገጠማቸውም። ብዙ ካሰብኩ በኋላ መፍትሔውን ከዚያው ከቋንቋችን አገኘሁት፤ ደብዳቤዎቹን ሁሉ በአንቱታ ገልብጬ ጻፍኳቸው። «አገልግላለች»ም «አገልግሏል»ም «አገልግለዋል» ሲሆኑ ጾታው ይጠፋል፤ አክብሮቱም ለሁሉም እኩል ይሆናል። ሰውን ለማክበር የተሠራ አነጋገር ሰውን ከአድልዎ ለመከለል ሲያገለግል ማየቴ በጣም አስደስቶኛል።

ስምም ቢሆን በእኛ አገር ከሌላው በላይ ይናገራል። የራስ ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ተደርድረው ሲነበቡ ብዙ ሰው ሃይማኖትን፣ አካባቢንና ብሔርን ይገምታል። የትውልድ ቦታ፣ የተማሩበት ትምህርት ቤት፣ ፎቶግራፍ፣ «ወ/ሪት» የምትለዋ አጽሕሮት፣ ሁሉም ተነሡ። የዩኒቨርሲቲውን ስም ላንሣ ወይስ ልተው በሚለው ላይ ብዙ ተቸግሬ በመጨረሻ አነሣሁት፤ የትምህርቱን ዓይነትና ውጤቱን ብቻ አስቀረሁ። ዛሬም ያ ውሳኔ ትክክል ነበር ብዬ ሙሉ በሙሉ አልናገርም፤ አንዳንድ ሥራ የተወሰነ ተቋም ሥልጠና ሊፈልግ ይችላልና።

ገምጋሚዎቹ ሲወያዩ በፈቃዳቸው ድምፃቸውን ቀዳሁ። ስም ባለበት ውይይት «ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ»፣ «የማን ልጅ ነው?»፣ «እሷ ወልዳለች መሰለኝ፣ መስክ ትወጣለች?» የሚሉ ንግግሮች ተደጋግመው ይሰማሉ። ስም በሌለበት ውይይት ደግሞ ገምጋሚዎቹ ገጾቹን ወደፊትና ወደኋላ እየገለጡ፣ ሦስት ዓመት የግዥ ሥራ ከአምስት ዓመት የንብረት ሥራ ጋር እንዴት እንደሚመዘን ይከራከራሉ። በዚህ ክርክር ከረጢት ውስጥ ከነበሩት ማመልከቻዎች የተወሰኑት ወደ ላይ ወጡ። ናሙናዬ ትንሽ ስለነበረ ከዚህ አልፌ የድርጅቱ ቅጥር በአድልዎ የተሞላ ነው ብዬ አልጻፍኩም፤ ስም ሲነሣ ንግግሩ እንደሚለወጥ ግን በሙሉ ልብ ጻፍኩ።

በመከላከያዬ ዕለት አንደኛው ፈታኝ ኮከብና ቅጥር ምን እንዳገናኛቸው ጠየቁኝ። ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር አስምሬ፣ ከመስመሩ በላይ ጥቂት ትላልቅ ነጥቦች፣ ከታች ደግሞ ብዙ ትናንሽ ነጥቦች ሠራሁ። ከላይ ያሉት በዓይን የሚታዩት ከዋክብት፣ እንዲሁም በመደርደሪያ ያሉት ማኅደሮች መሆናቸውን አስረዳሁ። ከመስመሩ በታች ያሉትን ለማስረዳት ብዙ ቃል አላስፈለገኝም።

ጽሑፉን ለድርጅቱ ሳስረክብ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ ያልተመረጡ ማመልከቻዎች ከመወገዳቸው በፊት ቢያንስ ለሦስት ዓመት እንዲቆዩ። ኃላፊው ፈቀዱ። በቀጣዩ ሳምንት መዝገብ ቤት ስገባ ያቺ እናት ከበሩ ኋላ የነበሩትን ከረጢቶች አንሥተው፣ ከታችኛው መደርደሪያ ሁለት ረድፍ አስለቅቀው፣ በየማስታወቂያው ቁጥር እየለጠፉባቸው ነበር።