ፖቶማክን ስሻገር ያነሰው ፈቃዴ

ከቨርጂንያ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሜሪላንድ ሊቀየር ያሰበ የአምቡላንስ ሠራተኛ ሲደውልልኝ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ደመወዝ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማነሳለት ደረጃውን ነው።

ቨርጂንያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ እያለሁ አድቫንስድ ኢኤምቲ ነበርኩ። ከኢኤምቲ (ከመሠረታዊው የአምቡላንስ ሠራተኛ) ከፍ፣ ከፓራሜዲክ (ከከፍተኛው የአምቡላንስ ባለሙያ) ዝቅ ያለ ደረጃ ነው። ላይን (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) አስገብተን ግሉኮስ እንሰጥ ነበር። ፈተናውን የሚሰጠው ናሽናል ሬጅስትሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኦሃዮ፣ ኮለምበስ የሆነ ድርጅት። እሱ የሚሰጠን ካርድ ፈተና ማለፋችንን ይመሰክራል እንጂ በሽተኛ እንድንነካ አይፈቅድም። ይህን የሚፈቅደው ስቴቱ ነው፤ ከስቴቱም በኋላ የምንሠራበት ድርጅት የሕክምና ኃላፊ የሆነው ሐኪም አለ። ቨርጂንያ ውስጥ እንኳ ኃላፊው ሐኪም ካልፈቀደ ደረጃው ያለው ሰው የተማረውን ሁሉ አይሠራም።

ሜሪላንድ ደግሞ በኢኤምቲና በፓራሜዲክ መካከል ያላት ደረጃ ሌላ ነው። ሲአርቲ ይባላል፤ የድሮው የኢንተርሚዲየት ሥልጠና ውጤት ነው፣ ከእኔ ካርድ ጋር አይገጥምም። ስለዚህ የሜሪላንድ ፈቃዴ «ኢኤምቲ» ተብሎ ወጣ። ይህን አውቄ፣ አምኜበት ነው ሥራ የጀመርኩት። ሆኖም አውቆ መፈረምና በሽተኛ ፊት መቆም አንድ አይደለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ አዛውንት ከዲያሊስስ (ከኩላሊት እጥበት) ወደ ቤታቸው እየወሰድን ነበር። ያገራችን ሰው ናቸው፣ ስኳርም አለባቸው። ልጃቸው ከኋላ አብራን ተቀምጣለች። ሲያጫውቱኝ ቆይተው በመሃል ዝም አሉ። ግንባራቸውን ላብ አጠመቀው። «አባባ፣ ይሰሙኛል?» ብላቸው አጉረመረሙ እንጂ መልስ አልሰጡም። ጣታቸውን ወግቼ ስለካ ስኳራቸው በጣም ወርዶ 34 ነው።

ባልደረባዬን ጮክ ብዬ ጠራሁት። መኪናውን ዳር አስይዞ ወዲያው ፓራሜዲክ ጠየቀ።

የስኳር ጄል በእጄ ነበር። ግን መዋጥ ላቃተው ሰው ጄል አፉ ውስጥ ቢጨምሩበት ትን ይለውና ሌላ አደጋ ይመጣል። ግራ ክንዳቸው ላይ የዲያሊስስ ፊስቱላ (ለእጥበቱ የተዘጋጀ ደም ሥር) አለ፣ እሱ አይነካም። ቀኝ ክንዳቸው መታጠፊያ ላይ ግን ወፍራም ደም ሥር ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ቨርጂንያ ቢሆን እዚያው ላይን አስገብቼ ግሉኮሱን አስጀምር ነበር። እዚህ ፈቃዱ የለኝም፤ የእኛ ዓይነት አምቡላንስ ላይ መርፌውም ግሉኮሱም አይጫንም።

ልጅቱ ከቤተ ክርስቲያን ታውቀኛለች፤ ቨርጂንያ ምን እሠራ እንደነበርም ሰምታለች። «ወንድሜ፣ ምን ትጠብቃለህ? ላይን ታስገባ የለም እንዴ!» አለችኝ።

«እዚህ ስቴት አልተፈቀደልኝም፣ እህቴ። የሚፈቀድላቸው እየመጡ ነው።»

«አባቴ እየሞተብኝ ስለ ፈቃድ ታወራኛለህ?»

ምን ብዬ ልመልስላት? አባቷን በጎናቸው አስተኛኋቸው፣ መምጠጫውን አዘጋጀሁ፣ ኦክስጅን ሰጠኋቸው፣ ትንፋሻቸውን ሳልለቅ እየተከታተልኩ «እጃቸውን ያዢልኝ፣ አናግሪያቸው» አልኳት። ፓራሜዲኮቹ በሩን ሲከፍቱ ቁጥሩን፣ ዝም ያሉበትን ሰዓት፣ የማይነካው ክንድ የትኛው እንደሆነና ጥሩው ደም ሥር የት እንዳለ ነገርኳቸው። ላይኑን አስገቡ፣ ዴክስትሮዙ (ግሉኮሱ) መውረድ ጀመረ። ጥቂት ቆይተው ሰውየው ዓይናቸውን ገለጡና «ደረስን እንዴ?» አሉ። ልጅቱ እጃቸውን ይዛ አለቀሰች።

ያን ቀን ከፈቃዴ ወጥቼ ብሠራ ኖሮ ብዬ አልጸጸትም። ላይን ያለ ሐኪም ትእዛዝና ያለ ፕሮቶኮል የሚያስገባ ሰው ዛሬ ቢቀናው ነገ ሰው ይጎዳል፤ ያኔ የሚጠየቅለትም የለም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። የአንዲት ሴት አባት ምን ዓይነት እርዳታ በስንት ደቂቃ እንደሚያገኝ ወንዝ መወሰን አልነበረበትም። የፌዴራሉ መንግሥት እያንዳንዱ ደረጃ ምን መሥራት እንዳለበት የሚያሳይ ሞዴል አውጥቷል፣ አንዱ እትም እ.ኤ.አ. የ2019 ነው፤ ግን ስቴቶችን አያስገድድም። የሌላውን ስቴት ፈቃድ ለመቀበል የተስማሙ ስቴቶች ማኅበርም አለ። ቨርጂንያ ገብታበታለች፤ ሜሪላንድ በዚያን ጊዜ አልነበረችበትም።

በቅርቡ ከዳላስ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። አድቫንስድ ኢኤምቲ ናት፣ እህቷ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለምትኖር መምጣት ፈልጋለች። ባልቲሞር ላለው የሜሪላንድ የድንገተኛ ሕክምና መሥሪያ ቤት ደረጃዋን ጠቅሳ እንድትጽፍ፣ መልሱንም በጽሑፍ እንድትቀበል፣ ከዚያ ቀጣሪዋን «አምቡላንሱ ላይ ምን ምን ይጫናል? የሕክምና ኃላፊው ለእኔ ደረጃ ምን ይፈቅዳል?» ብላ እንድትጠይቅ ነገርኳት። ጠየቀች። አሁን ከእህቷ ጋር ሜሪላንድ እየኖረች የምትሠራው ቨርጂንያ ነው።